ለመምህር መነሳት

በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ሲገፈትሩን መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። እስር ቤት ሲባል የሽንት ሽታ ጠብቄ ነበር፤ አፍንጫዬ የገባው ግን የጀንፈል፣ ከነሽፋኑ የደረቀ ቡና ሽታ ነው። ጣቢያው በሰልፈኛ ተማሪ ሞልቶ ስለነበር የተረፍነውን ከዲላ ከተማ ዳር ባለ የአንድ ባለርስት ባዶ መጋዘን ውስጥ አስገቡን። ቡናው ተጭኖ ሄዷል፣ አቧራው ቀርቷል። ከመካከላችን አንዱ አስነጠሰው፤ ከውጭ የቆመው ዘበኛ «ይማርህ» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ያን ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይኸው ነው፤ በሰደፍ እየገፋ ያስገባን ሰው ይማርህ ማለቱ።

ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች ክፍተት ብቻ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ የእኛ አገር የበልግ ዝናብ ደግሞ ሲጀምር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎንህ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አትሰማውም። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ዝምታው ይከብድ ነበር።

አራት ነበርን። አራታችንም ኮቾሬ፣ ፍስሐ ገነት በአንድ ክፍል ተምረን፣ ስምንተኛን አልፈን ዲላ ለዘጠነኛ የወረድን ልጆች ነን። አንደኛው የጨለለቅቱ ልጅ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የክፍላችን ሞኒተር የነበረ ነው። ዲላ ስንገባ ሹመቱ ቢያበቃም እኛ ሞኒተር ማለቱን አልተውንም። ሁለተኛው ከዱመርሶ መጥቶ አጎቱ ቤት ተቀምጦ የተማረ፣ ዝምተኛ ልጅ። ሦስተኛው በሆነው ባልሆነው ስለሚስቅ ሳቂታው የምንለው። አራተኛው እኔ።

ጥፋታችን ሰልፍ ነው። መሬት ለአራሹ እያልን እስከ ገበያው ወርደናል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩን ከመጽሐፍ ያገኙት ተማሪዎች ይኖሩ ይሆናል። የእኛ አባቶች ግን ጭሰኞች ነበሩ፤ የሚለቅሙት ቡና የሌላ ሰው መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገንም።

እኔን ከሌሎቹ ለይተው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። እጄ ላይ ጠመኔ ስላገኙ ነው፤ ግድግዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩና አልተሳሳቱም። እየገረፉ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ግድግዳው አልነበረም። «ያ የኮቾሬው መምህር የት ነው?» ነው የሚሉኝ። የት እንዳሉ አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር ወይስ አልናገርም የሚለውን ፈተና እግዚአብሔር አላደረሰብኝም፤ አመሰግነዋለሁ።

«ያ መምህር» የሚሉት የእኛን መምህር ነው።

በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየተላኩ ያስተምሩ ነበር። መምህራችን እንደዚያ መጡ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግን አልተመለሱም። ከሲታ፣ ደገኛ፣ ሁልጊዜ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። አሁን ሳሰላው ሃያዎቹን በቅጡ ያልጀመሩ ወጣት ነበሩ። ለእኛ ግን ሽማግሌ ነበሩ።

ክፍላችን አፈር ወለል ነው። ጭቃ ይዞ መግባት ነውር መሆኑን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውም ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን የበሩ ደፍ ላይ ፋቅ፣ ፋቅ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ያ ድምፅ ሲሰማ ሞኒተሩ «ተነሱ!» ይላል፣ እንነሳለን። በመጡበት የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዳችን ጠረጴዛ ተደግፈን ተነሳን። አዩንና «ይኼ መነሳት ነው? ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሰው ነው የምትመስሉት» አሉ። ወጡ። እንደገና ገቡ። አልወደዱትም፣ እንደገና ወጡ። ጀርባችን እስኪቃና ድረስ ሲወጡና ሲገቡ ዋሉ ማለት ይቻላል። ኩራተኛ ናቸው ብለን ጠላናቸው።

ኩራት እንዳልነበረ የገባን ውለን አድረን ነው። ቆመን ሳለን አንድ በአንድ ፊታችንን ያያሉ፤ ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋለኛው። ማን ታሟል፣ ማን ሳይበላ መጥቷል፣ የማን ዓይን ሲያለቅስ አድሯል። ከዚያ «ማን ቀረ?» ይላሉ። ሁላችንም ካለን ፊታቸው ይበራና «ተሟልተናል። ቁጭ በሉ» ይላሉ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከእሳቸው በፊት አልነበረም። እናቴ ትወደኝ ነበር፣ ግን እናቴም ብትሆን ብዙ ልጅ ነበራት።

ከቀረን ደግሞ ቤታችን ድረስ ይመጣሉ። እኔን አባቴ ለቡና ለቀማ ያስቀሩኝ ጊዜ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ሆነው መጡ። አባቴ «እጅ የለኝም፣ ልጁን አልሰጥም» አሉ። መምህራችን አልተከራከሩም። ኮታቸውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለው ከአጠገቤ መልቀም ጀመሩ። ከቀዩ ጋር አረንጓዴውን፣ ከአረንጓዴው ጋር ቅጠሉን ይሸመጥጡታል። አባቴ ትንሽ ታግሰው ታግሰው «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ልጁን ይውሰዱትና እርስዎም አይልቀሙብኝ» አሉ። ሆን ብለው ይሁን ሳይችሉ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ኋላ እሑድ እሑድ ጭሰኞችን ማንበብ ማስተማር ሲጀምሩ ባለርስቶቹ ከሰሷቸው፤ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። አገራቸው ገቡ ተባለ። አልገቡም። ዱመርሶ አካባቢ ታዩ፣ ይርጋጨፌ አለፉ፣ ከአንዱ መንደር ወደ አንዱ እየዞሩ ያስተምራሉ ይባል ነበር። ከሰልፉ በኋላ ፖሊስ የተማሪው ሁሉ ጠንሳሽ እሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ።

መጋዘኑ ውስጥ ስንቅ የምታመጣልን የሞኒተሩ እህት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። ዘበኛው የሰሜን ሰው ነው፣ ጌዴኦኛ አይሰማም። እህቱ ወንድሟን አትበላም ብላ የምትቆጣ መስላ፣ ጣቷን ፊቱ ላይ እየቀሰረች፣ ጮክ ብላ በጌዴኦኛ ወሬውን ሁሉ ነገረችን።

መምህራችሁ ተይዘዋል፤ ግን አልታወቁም፤ አለችን። ከቡና ነጋዴዎች ጋር ጭነት መኪና ላይ ሆነው ዲላ ሲገቡ በአፈሳ ነው የተያዙት። ነጋዴ ነኝ ብለዋል፣ ሌላ ስም ሰጥተዋል። አብሯቸው ታፍሶ የተለቀቀ አጎታችን ነው የነገረኝ። አንድ የከተማ ነጋዴ ዋስ ሊሆናቸው ቆሟል፣ ዛሬ ይለቀቁ ነበር። የጣቢያው ሻምበል ግን ጠርጥሯል። ከኮቾሬ የሚያውቃቸውን ሰው እንዳያስመጣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል። ስለዚህ ለእናንተ ሊያሳያቸው ነው። ካላወቃችኋቸው ይወጣሉ።

ከዚያ ለዘበኛው ዞር ብላ በአማርኛ «ይኸ ልጅ ሲያስቸግር! አይበላም እኮ» አለችው። ዘበኛው «ይበላል እቴ፣ ሲርበው ይበላል» ብሎ አጽናናት።

እንደሄደች ሞኒተሩ ሰበሰበን። ሰው መሰብሰብ የተፈጠረበት ነው። «ሲገቡ ማንም ዓይኑን እንዳይሰብር» አለ። «ማንም እንዳይደነግጥ። ታውቁታላችሁ ወይ ሲሉን ወዲያው አንመልስም፤ አንድ ጊዜ ቀና ብለን አይተን፣ አናውቀውም፣ ይኸው ነው።» ሳቂታውን «አንተ ደግሞ እንዳትስቅ፣ እገልሃለሁ» አለው። እንለማመድ አለ። የዱመርሶውን ልጅ በሩ ጋ ልኮ እንደ መምህራችን እንዲገባ አደረገው። ልጁ ይገባል፣ እኛ እንደ ባዳ እናየዋለን። ደጋገምነው። ዓይናችንን አሠለጠንን፣ ምላሳችንን አሠለጠንን፣ ሳቂታው እንኳ ፊቱን አደነደነ። እግራችንን ግን ማንም አላሰበውም። በልምምዱ የሚገባው የዱመርሶው ልጅ ነዋ! ለእሱ ማን ይነሳል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ዋጋ ስላለው። ሻምበሉ የመጀመሪያ ቀን ሊያየን ሲመጣ ዘበኛው «ተነሱ!» ብሎን ነበር። አልተነሳንም። እኔ ባልችልም ሦስቱ ይችሉ ነበር፤ አንነሳም ብለው ነው። ዘበኛው ሰደፉን ሲያነሳ ሻምበሉ «ተዋቸው» አለና ሄደ። በዚያ ነገር እንዴት እንደኮራን! አውቆ የተወን አልመሰለንም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። የቁልፍ ድምፅ ሰማን። ሞኒተሩ «በሉ» አለ በሹክሹክታ። ሦስቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔ ጥግ ላይ እግሬን ዘርግቼ ነበርኩ። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋን፣ ለጊዜው ማንንም አላየንም። ጭቃ የረገጠ ጫማ ሰማን። ከዚያ ደፉ ላይ፣

ፋቅ፣ ፋቅ።

ሞኒተሩ ተነሳ። ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ እጆቹ ከጭኑ ጋር ገጥመው። አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ድምፅ አልወጣውም እንጂ «ተነሱ» ሊል ነበር። የዱመርሶው ልጅ ተነሳ። ሳቂታው ተነሳ። ፊታቸው እንደተለማመዱት ነው፤ ደንዳና፣ ምንም የማያውቅ። ያ ፊት በዚያ አቋቋም ላይ ሆኖ ያየሁትን ያህል የሚያስፈራ ነገር ኋላም አላየሁም።

በሩ ላይ የቆሙት መምህራችን ናቸው። ጢም አሳድገዋል፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመዋል፣ የነጋዴ ባርኔጣ አድርገዋል። ገበያ ላይ ባያቸው አላውቃቸውም ነበር። ሻምበሉ ከኋላቸው ነው።

ሻምበሉ ምንም አልጠየቀንም። የቆሙትን ሦስት ልጆች ትንሽ አያቸውና «ተቀመጡ፣ ተማሪዎች» አለ። ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረበትም። እሱም አንድ ቦታ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እንደዚያ ሲነሳ ያደገ ሰው መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነው። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። እዚያ ደጃፍ እስኪደርሱ ድረስ አንተ እያለ ሲያዋክባቸው ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን «ይግቡ፣ መምህር» አላቸው። «መኪና እስኪመጣ እዚህ ይቆያሉ።»

መምህራችን አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ከሞኒተሩ ጀመሩ፣ ወደ ዱመርሶው ልጅ፣ ወደ ሳቂታው። ከዚያ እንደሚፈልጉ ሆነው ጥጉን ቃኙ፣ እኔ ላይ ደርሰው ቆሙ። በዚያች ሰዓት እንኳ የቀረ ልጅ ይፈልጉ ነበር።

በሩ ተዘጋ።

ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ ሞኒተሩ ግን እንደቆመ ነው። ሻምበሉ ተቀመጡ ማለቱን የሰማም አይመስል። መምህራችን «ቁጭ በል» ሲሉት ጉልበቱ ታጠፈ። ከዚያ በጡጫ ጭኑን ይመታ ጀመር። «እግሬ ነው! እግሬ ነው!» ይላል። ልብሱ እሳት የያዘው ልጅ እሳቱን እንደሚያጠፋ ነበር የሚመታው። መምህራችን ተንበርክከው እጆቹን ያዙት።

«ተው። ያስለመድኩህ እኔ ነኝ» አሉት። «ስወጣ ስገባ የዋልኩት እኔ አይደለሁም?»

«እኔ ነኝ የተነሳሁት፣ ቲቸር።»

«ጭቃውን ደፍ ላይ የፋቀውስ ማነው? የመጋዘን ጭቃ ምን ይጎዳ ነበር?»

መምህራችን አልፈሩም ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ደስም ይል ነበር። ፈርተዋል። ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ውሃ ጠየቁ፤ ጣሳው ጥርሳቸውን ሲመታው ይሰማ ነበር። ጠጥተው ሲጨርሱ «እናቴ እኮ ትምህርት ላይ ነው ብላ ነው የምታስበው» አሉ። ለማናችን እንዳሉት አላውቅም።

ቆይተው ወደ እኔ ተጠጉ።

«አንተስ፣ ለምን አልተነሳህም?»

ቁጣ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ መካከል ያልተነሳሁት እኔ ብቻ በመሆኔ አፈርኩ ብል ማን ያምነኛል? ግን አፈርኩ። «እግሬን አሞኝ ነው፣ ቲቸር» አልኩ።

ብርሃኑ ወዳለበት አዙረው አዩት። ምን እንደተጠየቅሁ አልጠየቁኝም። ካኪ ኮታቸውን አውልቀው ጠቀለሉና ጀርባዬ ላይ አስተኝተውኝ እግሬን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ኮቱን ከባቴ ሥር አደረጉልኝ። «ያበጠ እግር ወደ ታች አይንጠለጠልም። በጤና አጠባበቅ ተምረነዋል፤ ረሳኸው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን ይመስልሃል ከፍ የምናደርገው?»

እግሬን ወደ ጣሪያ ሰቅዬ፣ የቡና አቧራ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ደም ከልብ ወደ እግር እንዴት እንደሚወርድና እንዴት እንደሚመለስ ተናገርኩ። አንዷን ነገር ስዘል «ከዚያስ?» ይላሉ፤ አስታውሳለሁ። መሐል ላይ ሳቂታው አፈነና አልቻለም፣ ፈነዳ። የዱመርሶው ልጅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ሲነቃነቅ እግሬ እያመመኝ። መምህራችን ራሳቸው ሳቁ። ሞኒተሩ ብቻ አልሳቀም። «አንተ ቀጥልለት እስቲ» አሉት። መልሱን ያውቀዋል፤ ከሁላችንም ይልቅ እሱ ነበር ጎበዙ። ዝም አለ። እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው አብረውት ተቀመጡ።

ላንድሮቨሩ ጭቃው ውስጥ ሲያጓራ ሰማን። መምህራችን ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን ፈለጉ፣ ከዚያ ተዉት። ነጋዴነቱ አብቅቶ የለ።

«ኮትዎን፣ ቲቸር» አልኩ።

«ይቆይ። እግርህን እንዳታወርድ።» ከዚያ ለሁላችንም፣ ክፍል ውስጥ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ሲወስዱኝ ማንም እንዳይነሳ። ሰማችሁ? አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ለዱላ ምክንያት አትስጧቸው» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ሻምበሉና ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። ሦስቱ ልጆች እንደታዘዙት ተቀምጠዋል። ሞኒተሩ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጣቶቹን አቆላልፎ፣ እግሩን እንደ ታሰረ ከብት ጠፍሮ ይዞታል። መምህራችን ወደ በሩ ሄዱ።

ሳላስበው አደረግሁት አልልም። አስቤበት ነው። እግሬን ከግድግዳው አወረድኩ፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት ጨበጥኩ፣ ተነሳሁ። ውስጥ እግሬ ወለሉን ሲነካ ፍም የረገጥኩ መሰለኝ፤ አፌ ጨው ጨው አለኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ነበር ለካ። ጀርባዬን ግን አቃናሁ፤ እጆቼን ከጭኔ ጋር ገጠምኩ።

ሻምበሉ አየኝ። «አንተ ቅድም አልተነሳህም» አለ።

«ቅድም አልቻልኩም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አልችልም።»

ፖሊሱ ወደ እኔ ሊራመድ ሲል ሻምበሉ በእጁ ከለከለው። መምህራችን ደፉ ላይ ዞር ብለው ነበር። እንደ ሁልጊዜው አንድ በአንድ አዩን፤ ሞኒተሩ ቀና እስኪልላቸው ጠበቁት፣ ቀና አላለም። ወደ ሳቂታው፣ ወደ ዱመርሶው ልጅ፣ መጨረሻ ወደ እኔ።

«ተሟልተናል» አሉ። «ቁጭ በል።»

በሩ እስኪዘጋ አልተቀመጥኩም። ያኔ ወደቅሁ።

መምህራችንን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። መኪናው ወደ አዋሳ አቅጣጫ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ አላገኘንም። እኛን ከሳምንታት በኋላ ለቀቁን። ጃንሆይ ወርደው እስረኛ ተፈታ ሲባል እኔና ሳቂታው ዲላ አውቶቡስ ማቆሚያ እየሄድን ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ስናይ ሰነበትን። ሞተዋል ያለን ሰው አለ፤ ውጭ አገር ናቸው ያለን አለ። መቃብራቸውን ያሳየን የለም። ኮታቸው እኔ ቤት ነው። አንዳንዴ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ የጀንፈል ሽታ አሁንም አለው፣ ወይም እኔ ነኝ የሚሸተኝ።

እኔ መምህር ሆንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ዲላና ዲላ ዙሪያ ነው። ደወል ሳይደወል ክፍል ገብቼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ተማሪዎቼን እጠብቃቸው ነበር። ቀድሞ ለተቀመጠ መምህር የሚነሳ የለማ። ጡረታ ስወጣ በሰዓት አክባሪነት ብለው የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ምን እላለሁ?

ሳቂታውና የዱመርሶው ልጅ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሞኒተሩ አለ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ጨለለቅቱ አባቱ ቤት ገባ። በኋላ መሬቱ የራሳቸው ሲሆን ቡና ተከለ፣ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ። አገሬው ደግ ሰው ነው ይለዋል፤ ቀጥሎ ግን «ኩራቱ ባይኖርበት» ይላል። ለማንም አይነሳም። ሽማግሌ ቢገባ፣ ፓስተር ቢገባ፣ አማት ቢገባ ቁጭ እንዳለ እጁን ይዘረጋል። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለጸሎት ሲቆም እሱ ይንበረከካል። ስለዚያ ቀን ተናግረን አናውቅም፤ እሱም አያነሳም፣ እኔም አልነካካም።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን በሞተር ሄጄ ጠየቅሁት። ዛሬ ጉልበቱ ታሟል። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ስናወራ፣ በእንሰቱ መሐል አንድ ወጣት ጫማው በጭቃ ተጠቅልሎ መጣ። የሞኒተሩን የልጅ ልጅ የሚያስተምር መምህር ነው። ልጅቷ ከትምህርት ስለቀረች ሊጠይቅ መምጣቱ ነው፤ ቡና ስትለቅም ነበር የቀረችው።

ወጣቱ በረንዳው ደረጃ ላይ ጫማውን ጠረገ። የሞኒተሩ ሚስት ተነሳች፣ ምራቱ ተነሳች፣ እኔም ሽምግልናዬን ይዤ ተነሳሁ። እሱ አልተነሳም። መዳፎቹ ጉልበቶቹን ጭምቅ አድርገው ይዘዋቸዋል። ሚስቱ አፈረች። «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ነው መምህር፤ ለማንም አይነሳም፤ አይታዘቡን» አለች። ወጣቱ «ኧረ ምንም አይደለም፣ አባባ ይቀመጡ» አለ። ስለ ልጅቷ ተነጋገሩ። ሞኒተሩ «ነገ ትመጣለች፣ እኔ ራሴ እልካታለሁ» አለው። የሞኒተሩ ሚስት ቡና ይጠጡ ብትለው ሌላ የቀረ ልጅ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ተሰናበተ። እሷና ምራቷ ወደ ጓዳ ገቡ።

ወጣቱ ጀርባውን ሰጥቶን ቁልቁለቱን ይወርዳል። ሞኒተሩ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። እንሰቱ ጋ ሊደርስ ሲል የበረንዳውን ቋሚ ጨበጠ። በታመመው ጉልበቱ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ተነሳ። ጀርባውን አቃና። እጆቹን ከጭኑ ጋር ገጠመ። ወጣቱ ዞር ብሎ አላየም፤ ከእኔ በቀር የሚያይ አልነበረም። እንሰቱ እስኪሸፍነው ድረስ እንደዚያ ቆየ።

እኔ ፊቴን ወደ ቡናው አዙሬ ዝናብ መምጣቱን የማጣራ መሰልኩ። ሚስቱ ከጓዳ ስትመለስ ቁጭ ብሎ ነበር።